ዋስ የሌለው ዘበኛ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላቸው እናት የአላርም ውላቸውን እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ውሉን የፈረሙት ሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ አንድ ወጣት ሻጭ በዘረጋላቸው ታብሌት ላይ በጣታቸው ነው። ወረቀቱ በኢሜይል ደርሶ ልጃቸው እስክታትምላቸው ድረስ አላዩትም። ከዚያ በኋላ ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ እርሳስ ይዘው፣ ያልገባቸውን ሁሉ እያሰመሩ አንብበውታል። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። «ልጄ፣ ይቺ 250 ዶላር ምንድን ናት? ከወርሃዊው ሌላ የምከፍለው አለ እንዴ?» አሉኝ።

የሚከፍሉት አልነበረም። ሌባ ገብቶ አላርሙ ሳይጮህ ቢቀር፣ ወይም ጮሆ የሚሰማው ቢያጣ፣ ኩባንያው ለእሳቸው የሚከፍለው የመጨረሻው ገንዘብ ነው። ሱቁ ሙሉ በሙሉ ቢራቆትም 250 ዶላር።

በአገራችን ዘበኛ ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል። ዕቃ ቢጠፋ ዋሱ ይጠራል፤ ጥፋቱ የዘበኛው ከሆነ ዋሱ ይከፍላል። እኚህ እናት ውሉን ሲፈርሙ በልባቸው የነበረው ይኸው ነው። «መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ድርጅት ነው አሉኝ» ብለው ነበር። ፈቃዱ እውነተኛ ነው፤ አጣርቼዋለሁ። ፈቃዱ ዋስ መስሏቸው ነበር። የአላርም ነገር በአሜሪካ ፍርድ ቤቶችና ምክር ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር የኖረው በዚሁ ክፍተት ላይ ነው።

ፈቃዱ የሚያረጋግጠው ነገር ቀላል አይደለም። በካሊፎርኒያ የአላርም ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው በሸማቾች ጉዳይ መምሪያ ሥር ያለው የጥበቃና የምርመራ አገልግሎቶች ቢሮ ነው። ኩባንያው የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሥራውን የሚመራለት ብቁ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት፣ ማለትም የ4,000 ሰዓት ልምድ ኖሮት ፈተና ማለፍ አለበት። ቤት ለቤት የሚሸጡትና የሚገጥሙት ሠራተኞች በቢሮው ይመዘገባሉ፤ አሻራቸውም የወንጀል ታሪክ እንዳላቸው ለማጣራት ይላካል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አላርም የሚገጥም ሰው የትኛው መስኮት ደካማ እንደሆነ ያያል፣ የምትወጣበትንና የምትገባበትን ሰዓት ያውቃል፣ የኮዱን አሠራር ያውቃል። ሕጉ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የኩባንያው ስም፣ አድራሻና የፈቃድ ቁጥር እንዲሰፍርበትም ያዛል። የሥራ ተቋራጭ ፈቃድ ሌላ ነው፤ የሚሰጠውም ሌላ ቢሮ ነው። ስለዚህ «ላይሰንስ አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ የየትኛው ሥራ ላይሰንስ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። ከካሊፎርኒያ ውጭ ደግሞ ነገሩ እንደየግዛቱ ይለያያል። ቴክሳስ በሕዝብ ደኅንነት መምሪያው በኩል ፈቃድ ትሰጣለች። በግዛት ደረጃ ምንም ፈቃድ የማይጠይቁም አሉ።

ይህ ሁሉ ማጣሪያ ሰውየውን የሚመለከት ነው። ጥፋት ሲደርስ ማን ይከፍላል የሚለውን የሚወስነው ግን ወረቀቱ ነው።

የዚህ ታሪክ በካሊፎርኒያ ሩቅ ይሄዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ የምግብ ሸቀጥ ድርጅትን ክስ ተመልክቶ ነበር። ድርጅቱ ቤተር ፉድ ማርኬትስ ይባላል። ከሳሹ፣ ኤዲቲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአላርም ኩባንያ አሜሪካን ዲስትሪክት ቴሌግራፍ፣ የሌባው ምልክት ደርሶት ሳለ በጊዜው ሳያሳውቅ ዘገየ፣ ሌባውም 35,930 ዶላር ይዞ አመለጠ ብሎ ነበር። በውሉ ላይ ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ካሳ ተጽፏል፤ 50 ዶላር። ፍርድ ቤቱ 50 ዶላሩን አጸናው። አስተሳሰቡ እንዲህ ነው፦ አላርም ኩባንያ ኢንሹራንስ አይደለም። ሌባ አንድ ሌሊት ጥቂት ዶላር፣ ሌላ ሌሊት ብዙ ሺህ ሊወስድ ስለሚችል ጉዳቱን ውሉ ሲፈረም መገመት አይቻልም። ፖሊስ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮስ ይይዘው ነበር ወይ?

እውነቱን ለመናገር ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። በወር ጥቂት አሥር ዶላር የሚቀበል ኩባንያ የወርቅ ቤቱን ወርቅ ሁሉ ልካስ ቢል በአንድ ሌሊት ይዘጋል። ለዚህም ነው ውሎቹ ሁልጊዜ «የራስህን ኢንሹራንስ ግዛ» የሚሉት። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መስመር ነው። ኢንሹራንሱ ከፍሎህ ሲያበቃ ገንዘቡን ከአላርም ኩባንያው ላስመልስ እንዳይል፣ አንተ በእሱ ፈንታ መብቱን ትተዋለህ። እናቲቱ ይህን መስመር በእርሳስ ሳያሰምሩበት አልፈውታል፤ ሰው ያንን አንብቦ ይገባዋል ብዬም አልጠብቅም።

የኒውዮርክ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1992 የሰጠው ውሳኔ ወሰን አበጅቷል። ጉዳዩ በማንሃታን ሰባተኛ ጎዳና ቁጥር 810 ባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ላይ የደረሰ ቃጠሎ ነው። የሕንጻው መሐንዲስ ለጊዜው አቋርጦት የነበረውን የእሳት አላርም መልሰው እንዲያገናኙት ለአላርም ኩባንያው የክትትል ማዕከል ደወለ። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ነገሩን በተቃራኒው ተረዳው። ከዚያ እሳቱ ሲነሳ ምልክቱ ደጋግሞ ማዕከሉ ደረሰ፤ ሠራተኛው ሥርዓቱ የተቋረጠ መስሎት ዝም አለው። አራት ፎቅ ተቃጠለ፤ ጉዳቱ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ፍርድ ቤቱ ውሉ ተራ ስሕተትን ሊሸፍን ይችላል፣ ከባድ ቸልተኝነትን ግን አይሸፍንም አለ። የእሳት አላርም የሕዝብ ደኅንነትን የሚነካ አገልግሎት ስለሆነ፣ ከውሉ ውጭም ኩባንያው የሚጠየቅበት ግዴታ እንዳለው ጨመረ። በዚያ ስልክ ላይ የተለዋወጡት ጥቂት ቃላት ተራ ስሕተት ነበሩ ወይስ ከባድ ቸልተኝነት? እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ጠበቃ መቅጠር የሚችል የሕንጻ ባለቤት ይከራከራል። ባለሱቅ ግን አይከራከርም።

የውሉ ርዝመትም የራሱ ምክንያት አለው። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት የሚያስሩት ዕቃውን በነጻ ወይም በርካሽ ሰጥተው በወርሃዊ ክፍያ ስለሚያስመልሱት ነው። ከዚህም ሌላ ውሉ ራሱ ሸቀጥ ነው። በር ያንኳኳው ድርጅት ብዙ ጊዜ ውሉን ለትልቅ ኩባንያ ይሸጠዋል። ቃል የገባው አንድ፣ ሌሊት የሚጠብቀው ሌላ ይሆናል። በሩ ላይ የሚነገረው ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በ2023 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ታይቷል። የአላርም ኩባንያው የቪቪንት ሻጮች የተፎካካሪያቸውን የሲፒአይን ደንበኞች እያሳሳቱ ነው የተባለውን ክስ የሰማው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ 189.7 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ።

ለመኖሪያ ቤት የተፈረመ ውል ከሆነ መውጫ በር አለ። በፌዴራል ደንብ፣ ቤትህ መጥተው ላስፈረሙህ ውል ሦስት የሥራ ቀን የመሰረዝ መብት አለህ። በካሊፎርኒያ ዕድሜያቸው 65 የሞላ አምስት የሥራ ቀን አላቸው። እናቲቱ 68 ዓመታቸው ነው። ውሉን የፈረሙት ግን ለሱቅ ነው፤ የፌዴራሉ ደንብ ደግሞ የሚጠብቀው ለግልና ለቤተሰብ አገልግሎት የተገዛውን ነው። ያው ሴት፣ ያው ሻጭ፣ ያው ታብሌት ሆኖ፣ የቆሙበት በር የሱቅ በር በመሆኑ ብቻ መብታቸው እንዲህ መቅለሉ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። ከኋላ እያደሩ ከፊት የሚነግዱ ስንት ወገኖች አሉን!

በራሱ የሚታደስ ውልም ሌላው ወጥመድ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ፣ አቅራቢው ደንበኛው አላድስም ብሎ የሚያሳውቅበት ቀነ ገደብ ከመድረሱ ከ15 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ በጽሑፍ ካላስታወሰ እድሳቱን ሊያስፈጽም አይችልም። ብዙ ቦታ ግን ማስታወሱ በደንበኛው ጫንቃ ላይ ነው።

ያለ ምክንያት ለሚጮኸው አላርም የሚከፍለውም ደንበኛው ነው። በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የታተመ የፖሊስ መመሪያ እንደሚለው ከአላርም ጥሪዎች ከ94 እስከ 98 በመቶው ሐሰት ናቸው። ስለዚህ ከተሞች ባለቤቱን ፈቃድ እንዲያወጣ ያደርጋሉ፣ ሲደጋገምም ይቀጡታል። ሲያትል ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ቪዲዮ፣ ድምፅ ወይም የዓይን ምስክር የመሰለ ማስረጃ ከሌለ ፖሊስ አትልክም።

ከእናቲቱ ጋር በመጨረሻ ሦስት ነገር አደረግን። የሱቁ ኢንሹራንስ ስርቆትን እስከ ስንት እንደሚሸፍን ደውለን ጠየቅን። ለአላርም ኩባንያውም ደወልንና ኃላፊነቱ በምን ያህል ተጨማሪ ክፍያ ከፍ እንደሚል ጠየቅን፤ አንዳንድ ውሎች ያንን ስለሚፈቅዱ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላት አያውቅም ነበር፤ አለቃዋን ጠይቃ እንደምትመልስ ነገረችን። ከዚያ ከውሉ ማብቂያ ወደ ኋላ ቆጥረን፣ የመሰረዣው ደብዳቤ በአደራ ፖስታ የሚላክበትን ቀን አገኘን። እናቲቱ ቀኑን ገንዘብ መያዣው ማሽን አጠገብ በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ከበቡት።

«ማርያም ቀን ነው የዋለው» አሉ፣ «አልረሳውም።»