ገላን በስልክ መሸጥ ሴትን ያስከብራልን?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዓለም ላይ አንድ ክርክር ተነሥቷል። ይኸውም ሴት የገላዋን ምስል በኢንተርኔት ለከፈለ ሁሉ ብታሳይ፣ ዋጋውን ራሷ እስከ ቆረጠችና ገንዘቡን ራሷ እስከ ተቀበለች ድረስ፣ ነጻነትና ኀይል ነው እንጂ ውርደት አይደለም የሚል ነው። ክርክሩ የተጀመረው በባሕር ማዶ ይሁን እንጂ ከእኛም ደጅ ደርሷል። ስለዚህ ነገሩን ሎንዶን ወይም ኒውዮርክ ሳንሄድ አዳይቱ ላይ ቆመን ልንመለከተው ወደድን።

አዳይቱ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ከገዋኔ በኋላ ሚሌ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ መኪና በደጇ ያልፋል። የመንገድ ዳር ከተማ ጠባይ የታወቀ ነው፤ ጎማ የሚጠግን፣ ምግብ የሚያቀርብ፣ አልጋ የሚያከራይ፣ ከሩቅ አገርም መጥታ በቡና ቤት የምትቀጠር ሴት አይታጣበትም። ይህ ኑሮ ያስከፈለውን ዋጋ አገራችን ታውቀዋለች። ኤድስ በ1970ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ መግባቱ ከታወቀ በኋላ፣ ከቀደሙት ምርመራዎች ዋነኞቹ የተደረጉት በአውራ ጎዳና ከተሞች በሚኖሩ ሴተኛ አዳሪዎችና በከባድ መኪና ሾፌሮች ላይ ነበር።

ለስልኩ የሚሟገቱትም ቃላቸውን የሚያጸኑት በዚሁ ነው። የቡና ቤቷ ሴት ለአከራይ ትከፍላለች፣ የሰከረ ሰው ይደበድባታል፣ በሽታ ያሰጋታል፤ በስልክ መስኮት የምትታየውን ግን የሚነካት የለም ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነት አለበት። የቤት ኪራይ ለጨነቃት ልጅ ስብከት ብቻ የሚያቀርቡላት ሰዎች፣ እራታቸውን በልተው የሚናገሩ ስለ ሆነ፣ ቃላቸው ብዙ አይከብደንም።

ነገር ግን ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሄድ እንመርምር። በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ተመልካቹ በገንዘቡ ሳንቲም የሚባል ነገር ይገዛና ጽጌረዳ ወይም አንበሳ እያለ ስጦታ ይልካል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ኩባንያው ያስቀራል። እርቃንነትን በደንቡ ከልክሏል፤ ወደ እርቃንነት ከሚጠጋው ግን ድርሻውን አይተውም። በእንግሊዝ አገር በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመው ኦንሊፋንስ ደግሞ ከመቶ 20 ይወስዳል። ከድርሻው ይልቅ የሚያስገርመው በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የሆነው ነው። ኩባንያው በባንኮች አመካኝቶ የሩካቤ ሥጋ ምስል ከእንግዲህ አይሸጥብኝም ብሎ አስታወቀ፤ ሳምንት ያህል ሳይቆይ ደግሞ ቃሉን መለሰ። የራሴ አዛዥ ነኝ ትል የነበረች ሴት አዛዥዋ ማን እንደ ሆነ በዚያ ሰሞን ሳትረዳው አልቀረችም። የቡና ቤት አከራይ እንኳ ፊቷ ይታያል፤ ብትለመን ትሰማለች፣ ብትሰደብም ትሰማለች።

ይህ ንግድ በጅቡቲ መንገድ አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት፣ ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ሳለች፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች የአፋርንና የሶማሌን ልጃገረዶች ደረታቸውን ገልጠው እያነሡ በፖስታ ካርድ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። በካርዱ ላይ የደናክል ልጅ ተብሎ ታተመ እንጂ ስሟ አልተጻፈም። በዚያ ዘመን በበረሃው ሙቀት የገጠር ሴት ደረቷን ሳትሸፍን ውሃ መቅዳቷና የሰሌን ቤቷን መትከሏ ልማድ ስለ ነበረ ዞሮ የሚያያት አልነበረም። ገላዋን ሸቀጥ ያደረጉት ካሜራውና ገዢው ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ለዘመቱት የጣልያን ወታደሮችም የሐበሻ ሴቶች እርቃን ምስል እንዲሁ ይሸጥላቸው ነበር። የዛሬዋ ልጅ ካሜራውን የያዘችው ራሷ ናት፤ ይህም ቀላል ልዩነት አይደለም። ምስሉ ከእጇ ከወጣ በኋላ ግን ያችኛዋም ይህችኛዋም አንድ ይሆናሉ። እነዚያ ካርዶች ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይሸጣሉ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት መልካም ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ጉዟቸውን አቁመው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ወሬውን ከማን እንደ ሰማው ተናጋሪው ይጠየቃል፣ ሐሰት ካወራም ይወቀስበታል። ስለዚህ ወሬው ባለቤት አለው። በቴሌግራም የሚዞር ምስል ግን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከየት አመጣኸው የሚል የለም። ልጅቱ ነገ ትዳር ብትይዝ፣ ወይም ወሎ ወደ እናቷ ብትመለስ፣ ምስሉ ቀድሟት ይጠብቃታል። ከቡና ቤት የወጣች ሴት ሥራውን ትታው ወጣች ይባላል፤ ይህኛውን ግን እርሷ ብትተወው እርሱ አይተዋትም። መተው የማይቻለውን ሥራ ኀይል ብለን ለመጥራት አንደፍርም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት ጽሑፍ ወይም ምስል እያሰራጨ ሰውን የሚያስፈራራውን፣ እንዲሁም አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን የብልግና ምስል የሚያሰራጨውን ይቀጣል። የማስፈራሪያ መልእክት የደረሳት እኅታችን አንዱንም ሳትደመስስ ወደ ፖሊስ ብትወስደው ይጠቅማታል፤ ዳኛ የሚያየው ማስረጃ እርሱ ነውና። ምስሉ ግን ያን ጊዜ ገላፊን ተሻግሮ በማታውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ሊሆን ይችላል።