የሊኑክስ በረኛ

ሊኑክስ የጫነ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ዴስክቶፑን ማሳመር ነው። የላሊበላን ወይም የልጁን ፎቶ ከጀርባ ይሰቅላል፤ ቀለም ይመርጣል፤ ፊደሉን ያጎላል። በማግስቱ ላፕቶፑን ሲከፍት ግን ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ እንደ ትናንቱ ነው። ፎቶው ብቅ የሚለው ከገባ በኋላ ነው።

መግቢያው የዴስክቶፑ አካል ስላልሆነ ነው እንዲህ የሚሆነው። ዲስፕሌይ ማናጀር የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። እንደ ግቢ በረኛ ሊታሰብ ይችላል፦ በር ላይ ቆሞ ማንነትን ይጠይቃል፣ አጣርቶ ያስገባል፤ ሳሎን ውስጥ ምን እንደተሰቀለ ግን አያይም።

የዚህ ሥራ ቀዳሚ ኤክስዲኤም እ.ኤ.አ. በ1988 ብቅ ያለ ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው፦ ግኖም ከሚባለው ዴስክቶፕ ጋር ጂዲኤም፣ ኬዲኢ ከሚባለው ጋር ኤስዲዲኤም፣ በሊኑክስ ሚንት ደግሞ ላይትዲኤም። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ በ2011 ጂዲኤምን ትቶ ላይትዲኤምን ያዘ፤ በ2017 ደግሞ ወደ ጂዲኤም ተመለሰ። በ2014 ለኡቡንቱ የተጻፈ መመሪያ ዛሬ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በር ላይ የቆመው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሚንትና ኬዲኢ ለተጠቃሚ ደግ ናቸው፤ መግቢያውን የሚቀይሩበት ቦታ ሴቲንግ ውስጥ አላቸው። ጂዲኤም ግን ግትር ነው። መልኩ በአንድ ፋይል ውስጥ ታሽጎ ስለሚቀመጥ ያንን ፈልቅቆ የቀየረ ሰው ሲስተሙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲታደስ ልፋቱ ሊጠፋበት ይችላል። ለውበት ብቻ ከሆነ አያዋጣም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በፎቶው ነው። ከራሱ ፎልደር አንድ ፎቶ መርጦ መግቢያው ላይ እንዲታይ ያዛል፤ ኮምፒውተሩን ሲያስነሳ ግን ባዶ ቀለም ይጠብቀዋል። የላይትዲኤም መግቢያ ገጽ የሚሠራው በራሱ የተጠቃሚ ስም ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ ከ21.04 እትም ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ፎልደር ለሌሎች ተጠቃሚዎች ዘግቷል። በረኛው የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ያለ ፎቶ ከየት ያመጣል? መፍትሔው ፎቶውን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሁሉም ወደሚያየው የጋራ ፎልደር መገልበጥ ነው፤ «ዩኤስአር» ውስጥ «ሼር»፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ «ባክግራውንድስ» የሚባለው ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

ከፎቶ ይልቅ የሚጠቅመው ጽሑፉ ነው። ጂዲኤም ግትር ቢሆንም አርማ ማስገባት፣ የተጠቃሚዎችን ስም ዝርዝር መደበቅና አጭር መልእክት ማሳየት ይፈቅዳል። የጋራ ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ የሠራተኞች ስም ለአላፊ አግዳሚው ባይታይ ይመረጣል። ላፕቶፕ ቢጠፋ ደግሞ ያገኘው ሰው ያለ ይለፍ ቃል የሚያየው ይህንን ገጽ ብቻ ነው፤ «ያገኙት እባክዎ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል መስመር ዕቃውን ወደ ባለቤቱ ሊመልሰው ይችላል። መልእክቱን በአማርኛ መጻፍም ይቻላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንት መጫን ይበቃል።

የይለፍ ቃልን በአማርኛ ማድረግ ግን አይመከርም። ሲተየብ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ መግቢያው ላይ ኪቦርዱ ወደ እንግሊዝኛ ቢዞር ባለቤቱ ለምን እንደተከለከለ ሳያውቅ በር ላይ ይቀራል።

የሴቲንግ ፋይሎችን በእጁ የሚያስተካክል ሰው አስቀድሞ ቅጂ ያስቀምጥ። መግቢያው ተበላሽቶ ጥቁር ስክሪን ቢመጣ «ኮንትሮል»፣ «ኦልት» እና «ኤፍ 3» አንድ ላይ ሲጫኑ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ሌላ መግቢያ ይከፈታል። በዚያ ገብቶ ቅጂውን ወደ ቦታው መመለስና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ነው።