ሞተሩ ሲንተፋተፍ ጋራዥ ውስጥ የሚባለው

ይህን መካኒኮች እርስ በርሳችን እንጂ ለደንበኛ አናወራውም፤ ጠጋ በሉና ልንገራችሁ። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የተገጠመለት አሮጌ የቤንዚን ትራክተር እየተንተፋተፈ ጋራዥ ሲገባ፣ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ጥፋተኛው ተገኝቷል። «ኤሌክትሮኒኩ ነው» ይባላል። አዲስ ይታዘዛል፣ ይገጠማል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ብዙ ጊዜ ግን ተፈትቶ የተጣለው ዕቃ ደህና ነበር።

የማወራው በተለይ ስለ ፎርድ 8ኤን ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 እስከ 1952 ከ500 ሺህ በላይ ተመርቷል፤ ዛሬም በየገጠሩ ሣር ሲያጭድና በረዶ ሲጠርግ ታገኙታላችሁ። አገር ቤት የለመድናቸው ትራክተሮች በአብዛኛው የናፍጣ ስለሆኑ ካንዴላም ቦቢናም አያውቁም። እዚህ አሜሪካ መጥቶ ቁራሽ መሬት የያዘና ይህን ትራክተር የገዛ ወገን ግራ የሚጋባውም ለዚህ ነው።

8ኤን ከፋብሪካ ሲወጣ እሳቱን የሚሰጠው በፑንቲናና በኮንደንሰር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ላይ ዲስትሪቢውተሩ ከሞተሩ ፊት፣ ከፋኑ ኋላ ተሸጉጦ ቦቢናው አናቱ ላይ ይቀመጣል፤ ፑንቲና በወጉ ለማስተካከል ሁሉንም ፈቶ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ይቀላል። በ1950 ዲስትሪቢውተሩ ወደ ሞተሩ ጎን ተዛወረ። ባለቤቶች ፑንቲናውን በማግኔት ቀለበትና በትንሽ ሴንሰር፣ ማለትም በኤሌክትሮኒኩ፣ የሚተኩት ፑንቲና ከማስተካከል ልፋት ለመገላገል ነው፤ መልካም ለውጥ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ።

ነገር ግን ፑንቲና የደከመ ባትሪ ይታገሣል፤ ኤሌክትሮኒክ አይታገሥም። 8ኤን ሲፈጠር ባለ 6 ቮልት ነው። በዛገ ማያያዣ ላይ 1 ቮልት ቢጠፋ ከ12 ቮልት አንድ አሥራ ሁለተኛው ነው፤ ከ6 ቮልት ግን አንድ ስድስተኛው ይሄዳል። ስለዚህ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ቮልት መለኪያውን የሴንሰሩ መብራት የሚገባበት ሽቦ ላይ አድርጉና ሌላ ሰው ሞተሩን ያስነሣ። ባትሪው ላይ ደህና ሆኖ ሴንሰሩ ዘንድ ሲደርስ ከወረደ፣ ሌባው መንገድ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው የግራውንዱ ገመድ ሥር ነው፤ ትራክተሩ ሲታደስ ቀለም ተቀብቶ፣ ገመዱ በቀለሙ ላይ ታስሯል። በካቻቢቴ ፍቆ ብረቱን ማውጣት ነው መፍትሔው። አንዳንዴም ለ12 ቮልት መኪና የተሠራ ቀጭን የባትሪ ገመድ ይገጠምለታል። 6 ቮልት ለተመሳሳይ ሥራ እጥፍ አምፔር ስለሚስብ ወፍራም ገመድ ይፈልጋል።

ሌላው የማይነገር ጉዳይ ፖዘቲቩ ነው። በዚህ ትራክተር አሠራር ግራውንድ የሚሆነው ፖዘቲቭ ነው። በልማድ ኔጋቲቩን ከሻሲው ያሰረ ሰው ሴንሰሩን በቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል። ወደ 12 ቮልት የተቀየሩት ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ለቦቢናው ተብሎ የገባው ሬዚስተር መስመሩ ላይ ይቀራል፤ የሴንሰሩም መብራት ከሬዚስተሩ ወዲያ ይወሰዳል። ያኔ ሴንሰሩ ሁልጊዜ ይራባል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል። መብራቱን ከሬዚስተሩ በፊት ውሰዱለት። ቁልፉንም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከፍታችሁ አትተዉ፤ ቦቢናውም ሴንሰሩም ይግላሉ።

የካንዴላ ገመድም ይመርመር። መሐሉ ጥርት ያለ የመዳብ ሽቦ የሆነው የድሮ ገመድ የሚረጨው የሬዲዮ ሞገድ ሴንሰሩን ያደናግረዋል። የእሳቱ ቅደም ተከተልም በዚህ ሞተር 1-2-4-3 ነው። ኤሌክትሮኒኩን ለመግጠም የዲስትሪቢውተሩን ክዳን የፈታ ሰው በሌሎች ሞተሮች ልማድ 1-3-4-2 ብሎ ከመለሰው፣ ሁለት ሲሊንደሮች በማይገባቸው ሰዓት እሳት ያገኛሉ። ማንኛውንም ዕቃ ሳይፈቱ ጣትን በገመዶቹ ላይ እያስኬዱ መቁጠር ይበቃል።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። እሳት ሲጠፋ ድንገት ነው፤ ሞተሩ ይቆረጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ቤንዚን ሲያንስ ግን ቀስ እያለ ጉልበቱ ይወርዳል፣ በተለይ ጭነት ሲይዝ። ሞተሩ እየተንተፋተፈ ሳለ ቾኩን በትንሹ ሳቡት። ከተሻለው ኤሌክትሮኒኩን እርሱት፤ ወይ ቤንዚን አንሶታል፣ ወይ ትርፍ አየር በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን እየገባ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የካርቡራቶሩን ማፍሰሻ ቡሎን ፈታችሁ በዕቃ ተቀበሉ። ቤንዚኑ ሳይቋረጥ ሊወርድ ይገባል። መጀመሪያ ወርዶ ከቀጠነ፣ ከታንከሩ ሥር ያለው ብርጭቆና ወንፊቶቹ ይታጠቡ። ካርቡራቶሩ መግቢያ ላይ፣ ክርኑ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ወንፊት አለች፤ ብዙ መካኒክ መኖሯን አያውቅም።

የትኛው ሲሊንደር እንደሞተ ለማወቅ ገመድ እየነቀሉ መስማት የቆየ ዘዴ ነው። ኤሌክትሮኒክ ላይ ግን የተነቀለውን ገመድ አየር ላይ አትተዉት፤ በሽቦ ከግራውንድ ጋር ይገናኝ። መውጫ ያጣው እሳት ቦቢናውንና ሴንሰሩን ይጎዳል። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ የሞተው እሱ ነው፤ ካንዴላውን ቀይሩ፣ ካልሆነ ኮምፕሬሽኑን ለኩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው የምጠረጥረው።

ኤሌክትሮኒኩ በእውነት የሚሞትበት ጊዜም አለ። ምልክቱ ሙቀት ነው፤ በብርዱ ያለ ችግር ይነሣል፣ ሞተሩ ሲግል ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል። ቦቢናም ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት መጀመሪያ ወደ ሴንሰሩ ቮልት መድረሱን ለኩ፣ ቀጥሎ በሌላ ቦቢና ሞክሩ። ቮልቱ ደርሶ፣ ቦቢናው ተቀይሮ እሳት ከሌለ ያን ጊዜ ሴንሰሩ ይለወጥ። አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ግን አትጣሉ፤ ማሳ መሐል ብትቆሙ እነሱ ቤት ያደርሷችኋል።

ትራክተራችሁን ለጋራዥ ስትሰጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ሞተሩ ሲነሣ ሴንሰሩ ዘንድ የደረሰው ቮልት ስንት ነው? ቁጥሩን ሊነግራችሁ ያልቻለ መካኒክ ዕቃ እንዲቀይር አትፍቀዱለት።