የዕድሜ ልክ ዋስትናው የማን ዕድሜ ነው? ስለ እንጨቱ ቫፖራይዘር አያያዝ

ስልክ ላይ ለምደነዋል። ሁለት ሦስት ዓመት ይሠራል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ስክሪኑ ይሰነጠቃል፣ ጥገና ቤት ስትወስዱት «ይሄን ከምታሠሩ ትንሽ ጨምራችሁ አዲስ ብትገዙ ይሻላችኋል» ትባላላችሁ። ቬፕ የሚባለው ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የሚጣለው ዓይነት ፈሳሹ ሲያልቅ ከነባትሪው ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ነገሩ ስላስመረራቸው ቤልጂየም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ብሪታኒያ ደግሞ ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ቬፕ እንዳይሸጥ ከልክለዋል።

በዚያው ገበያ ውስጥ ግን ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ዕቃም አለ። ከእንጨት የተሠራ፣ በኪስ የሚያዝ፣ በእጅ የተጠረበ ቫፖራይዘር። «በጥንቃቄ ከያዛችሁት ዕድሜ ልካችሁን ያገለግላል» ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነው ወይ? ደግሞስ ምን ቢያደርጉት ነው ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው? ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ ፍራንክፈርት የሚኖሩ ልጆች ይህን ዕቃ በየሱቁ ያዩታል፤ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ስልኩ ላይ ቪዲዮውን ያየዋል። ስለዚህ አሠራሩንም፣ አያያዙንም፣ ሕጉንም በአንድ ላይ እንየው።

ጭስ እና እንፋሎት

መጀመሪያ ልዩነቱ ይግባን። ቡና ሲፈላ ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ከሥሩ ከከሰሉ የሚወጣው ጭስ ነው። ሁለቱም ነጭ ሆነው ይታያሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ቫፖራይዘር የደረቀ ቅጠልን ሳያቃጥል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ160 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እያሞቀ በውስጡ ያለውን ወደ እንፋሎት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ሙቀቱ ከዚያ በጣም ካለፈ ቅጠሉ ይነዳል፤ ያኔ ዕቃው ቫፖራይዘር መሆኑ ይቀርና ውድ ሲጋራ ይሆናል።

«ስለማይቃጠል ጉዳት የለውም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ መቀነሱ አንድ ነገር ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም ማለት ሌላ። አሜሪካ ውስጥ በ2019 እና በ2020 ከቬፕ ጋር በተያያዘ የሳንባ ጉዳት 2,807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዝግቧል፤ ከነሱ ውስጥ የሞቱት 68 ናቸው። ለዚያ ዋና ተጠያቂ የተደረገው በዘይት ካርትሪጅ ውስጥ የተቀላቀለ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ነገር ነበር። የእንጨቱ ሳጥን ዘይት አይጠቀምም፣ ትምህርቱ ግን ለሱም ይሠራል፦ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር ሁሉ ምን እንደነካ መታወቅ አለበት። የጽዳቱ ጉዳይም የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው እንጂ ለውበት አይደለም።

ሳጥኗ እንዴት ነው የምትሠራው?

ለምሳሌ የሚሆነን በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ከተማ የተሠራው የማጂክ ፍላይት «ሎንች ቦክስ» ነው። የክብሪት ቤት የሚያህል ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከሜፕል፣ ከቼሪ ወይም ከዋልነት እንጨት ይሠራል። መሐሉ ላይ ቦይ አለ፣ ቦዩ ላይ የማይዝግ ብረት ወንፊት ተዘርግቷል፣ ከላይ የሚያሳይ የአክሪሊክ ክዳን አለው። በአንድ ጎን ባትሪ ይገባል፤ ባትሪው ለግድግዳ ሰዓት የምንገዛው ድንጋይ የሚያህል፣ ግን ቻርጅ የሚደረግ ነው። በጣት ገፋ ስታደርጉት ኤሌክትሪኩ በወንፊቱ ውስጥ ያልፍና ወንፊቱ ራሱ በአምስት ሰከንድ ገደማ ይግላል። በቃ፣ ይሄው ነው። ስክሪን የለ፣ አፕ የለ፣ ብሉቱዝ የለ። የሙቀት መቆጣጠሪያም የለውም፤ የሚቆጣጠረው የተጠቃሚው ጣትና ትንፋሽ ነው።

ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ ይመጣል። የሚበላሽ ሶፍትዌር ስለሌለው የሚሞትበት ምክንያት ትንሽ ነው። በሌላ በኩል ሲሳሳቱ «ቆይ» የሚል ማሽን የለም። ቅጠሉ ጠቆር ብሎ ከወጣ ነዷል ማለት ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ በልኩ ሞቋል።

ባትሪው ላይ ቀልድ የለም

የዚህ ዕቃ አብዛኛው ችግር ከባትሪ ይጀምራል። ትክክለኛው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው፣ 1.2 ቮልት ያለው ነው። ከሱቅ የምንገዛው ተራ ድንጋይ 1.5 ቮልት ቢሆንም ብዙ ኤሌክትሪክ በአንዴ መስጠት ስለማይችል ወንፊቱን በደንብ አያሞቀውም፤ ራሱም ቶሎ ይደክማል።

አደገኛው ግን ሌላ ነው። መጠኑና ቅርጹ አንድ ዓይነት የሆነ፣ 14500 የሚባል የሊቲየም ባትሪ አለ። ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ቮልቱ ግን 3.7 ነው። ቮልት በሦስት እጥፍ ሲጨምር የሚፈጠረው ሙቀት በሦስት እጥፍ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ በስሌት ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። ወንፊቱ ይቃጠላል፣ እንጨቱም ሊያያዝ ይችላል። «ገባ እኮ!» ማለት «ይሆናል» ማለት አይደለም።

ባትሪውን ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ መጨመርም ክልክል ነው። ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ባትሪው ይግልና ጭን ያቃጥላል። የላስቲክ ኮፍያ ወይም ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ርካሽ ነው፤ ከሐኪም ቤት ይሻላል። ባትሪውና ብረቱ የሚነካኩበት ቦታ ሲጠቁር ደግሞ ዕቃው «ሞተ» የሚመስልበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ያኔ ይጥለዋል ወይም በርካሽ ይሸጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በትንሽ አልኮል በነከረ የጆሮ ጥጥ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ማድረቅ ይበቃዋል።

ጽዳት፦ ለየክፍሉ የተለያየ ነው

ትልቁ ስሕተት ሁሉንም በአንድ ነገር ማጠብ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጠባይ አለው።

ወንፊቱ። ከተጠቀሙ በኋላ ገና ለብ እንዳለ ገልብጦ ማራገፍ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ቦዩን መጥረግ። በመርፌ ወይም በስፒል መጎርጎር ወንፊቱን ይቀደዋል፤ ከተቀደደ ደግሞ ዋናው ማሞቂያ ሄደ ማለት ነው።

የብርጭቆ ቱቦው። ይሄ ቀላሉ ነው። በአይሶፕሮፒል አልኮል ዘፍዝፎ፣ ትንሽ ጨው ጨምሮ ማንገጫገጭ፣ ከዚያ በውኃ ደህና አድርጎ ማለቅለቅና ማድረቅ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ የሚያጣብቅ ነገር ተቀላቅሎበታል።

ክዳኑ። አክሪሊክ አልኮል አይወድም፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል።

እንጨቱ። ውኃ ውስጥ ፈጽሞ አይነከርም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይሄ ሲደጋገም ይሰነጠቃል ወይም ክዳኑ አልንሸራተት ይላል። መኪና ውስጥ መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ትቶ መሄድም ያው ነው። አልኮል የነካ ክፍል ካለ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ባትሪ አታስገቡ፤ አልኮሉ ተቀጣጣይ ነው።

እንጨቱ በጊዜ ብዛት ሲገረጣና ሲሻክር የሚመልሰው ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም፦ ሰም። አፍሪካ ውስጥ በሰም ምርት ኢትዮጵያን የሚያክል የለም። ትንሽ ንጹሕ የንብ ሰም በጨርቅ ይዞ ውጪውን ብቻ በስሱ ማሸት፣ ትርፉን መጥረግ። የተልባ ዘይትም ይሆናል፣ ግን ሁለት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ የሃርድዌር ሱቅ የተልባ ዘይት ቶሎ እንዲደርቅ ኬሚካል ሊጨመርበት ስለሚችል አፍ ለሚጠጋው ዕቃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ራሱን አግሎ እሳት ሊነሳ ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት። የትኛውም ቅባት ደግሞ ትንፋሽ በሚያልፍበት የውስጥ መንገድ አይገባም። ቫርኒሽማ ጭራሽ አይታሰብም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቱቦው ከአፍ አፍ አይዘዋወር። የአፍ ምች የሚያስተላልፈው ቫይረስም ሆነ ጉንፋን በዚህ መንገድ ለመሄድ ማንንም አያስፈቅዱም። ጓደኝነታችሁን በሌላ ነገር አሳዩ።

እና ዋስትናው?

አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ሎንች ቦክስ የተሸጠው የአሠራር ችግር ካጋጠመው በሚሸፍን የዕድሜ ልክ ዋስትና ነው። በእጅ የሚሠሩ ሌሎች የእንጨት ቫፖራይዘሮችም ተመሳሳይ ቃል ይገባሉ። ቃሉ ደስ ይላል። ጥያቄው ግን ይሄ ነው፦ የማን ዕድሜ? የገዢው? የዕቃው? ወይስ የድርጅቱ?

በእጅ የሚሠራ ዕቃ የሚመጣው ከትንንሽ አውደ ጥናት ነው። ትንሽ አውደ ጥናት ደግሞ ባለቤቱ ሊታመም፣ ኪራዩ ሊወደድ፣ ገበያው ሊዞርበት ይችላል። ያኔ ዋስትናው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው «ስንት ዓመት ዋስትና አለው?» ብቻ መሆን የለበትም። «ያለነሱ ማን ይጠግነዋል?» ነው። ባትሪው ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል? ቱቦው ቢሰበር ሌላ ይገባል? ወንፊቱ በቤት ይቀየራል ወይስ እንጨቱ ውስጥ ተቀብሯል? ከወንፊቱ ጋር ባይሆንም ባትሪው ላይ ሎንች ቦክስ ጥሩ ነጥብ ያገኛል፤ መደበኛ መጠን ነው። የራሱ ልዩ ቅርጽ ያለው ባትሪ ያለበት ዕቃ ግን እንጨቱ መቶ ዓመት ቢቆይም ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ከሰው እጅ፣ ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ ገበያ የሚገዛ ደግሞ ሦስት ነገር ይይ። ክዳኑ ያለ ግፊት ይንሸራተታል? ቦዩ ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሯል? ሽታውስ? የተቃጠለ ወይም የቀለም ሽታ ካለው ስንት ቢቀንሱላችሁም ይቅርባችሁ። ውጪ ላይ ያለ ጭረት በብርጭቆ ወረቀትና በሰም ይስተካከላል፤ ትንፋሽ የሚያልፍበት ውስጡ የተሰነጠቀ ግን በሙጫ አይጠገንም፤ የሞቀ ሙጫ መተንፈስ ነው ትርፉ።

ሕጉን ሳያዩ አይሆንም

ይህ ዕቃ በአንዱ አገር ተራ የሱቅ ሸቀጥ፣ በሌላው ማስረጃ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከፌብሩዋሪ 2015 ጀምሮ፣ ካሊፎርኒያ ከኖቬምበር 2016 ድምፅ በኋላ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ ካናቢስ በመጠን መያዝን ፈቅደዋል፤ በፌዴራል ሕግ ግን እስካሁን የተከለከለ ነው። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው በተለይ ይሄን ልብ ይበል፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚታየው በፌዴራሉ ሕግ ነው። ጀርመን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአዋቂዎች እስከ 25 ግራም መያዝ ፈቅዳለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ግልጽ ነው። ካናቢስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ኒኮቲን መሣሪያዎችንና ሺሻን ከልክሏል። «የኔዋ እንኳ ኒኮቲን የላትም፣ እንጨት ናት» የሚለው ክርክር ቦሌ ላይ ብዙ የሚያራምድ አይመስልም።

በባሕረ ሰላጤው በኩል የምትጓዙ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ቱቦው ውስጥ የደረቀ ቅሪት ለኛ ቆሻሻ ነው፤ ለፍተሻ ግን ዕፅ ነው። በደንብ ታጥቧል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ እንጨት ሽታና ቅሪት ይይዛል። ለጉዞ የሚሆነው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፦ ቤት ትቶ መሄድ።

ዕድሜ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን አይጨርስም፤ በልጅነት የተጀመረ ካናቢስ ደግሞ ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። ይህን ዕቃ የሠሩት ሰዎች እንጨት ጠርበዋል፤ ሳንባና አእምሮ ላይ ግን ማንም የዕድሜ ልክ ዋስትና አልሰጠም።

የእንጨቱ አያያዝ ትምህርት ለማንም ይሆናል። ክራር ያለው፣ የወንዛ ሙቀጫ ያለው፣ ከአያቱ የወረሰው ሳጥን ያለው ሁሉ ሕጉ አንድ ነው፦ ከውኃና ከፀሐይ አርቁት፣ አልፎ አልፎ ሰም ቀቡት፣ ሲሰነጠቅ ቶሎ እዩት። ደግሞ ማንኛውንም ዕቃ ስትገዙ ሻጩን «ሲበላሽስ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።