ቺፑ ሲረክስ ሶፍትዌሩ የት ደረሰ? የኤፍፒጂኤ አርባ ዓመታት ዳሰሳ

ኤፍፒጂኤ የሚባለው ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ባዶ ነው። ቆጣሪ ይሁን፣ የቪዲዮ መቆጣጠሪያ ወይም ሙሉ ፕሮሰሰር፣ የሚወስነው የገዛው ሰው ነው። ማይክሮኮንትሮለር የተሰጠውን ትእዛዝ በተራ ይፈጽማል፤ ኤፍፒጂኤ ግን ራሱ ሰርኪዩቱን ይሆናል፣ ሥራውም ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። ውስጡ «ሉት» በሚባሉ ጥቃቅን ሰንጠረዦች የተሞላ ነው። 4 መግቢያ ያለው አንድ ሉት የሚይዘው 16 ቢት ብቻ ቢሆንም፣ በእነዚያ 16 ቢቶች የ4 መግቢያዎችን ማንኛውንም ሎጂክ መጻፍ ይቻላል። ሻጮች ቺፖቻቸውን የሚያስተዋውቁት በሉት ብዛት ነው። እኔ ግን ርካሾቹን ለማወዳደር ከዚህ ቁጥር በፊት መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ። ቺፑ አንዴ ይገዛል፤ ሶፍትዌሩ ግን ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚከርም ነው።

የሶፍትዌሩ ታሪክ ከኤፍፒጂኤ ይቀድማል። በ1978 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ሞኖሊቲክ ሜሞሪስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፓል የተሰኙ ቺፖችን ለገበያ አቀረበ። ውስጣቸው ያሉት ፊውዞች እየተቃጠሉ ስለሚጻፉ የተሳሳተ ቺፕ ከመጣል ሌላ መፍትሔ አልነበረውም። ፓልአስም የሚባለው ሶፍትዌራቸው ግን ቀላል ነበር፤ የሎጂክ ቀመሮችን ከጽሑፍ ፋይል አንብቦ የሚቃጠሉትን ፊውዞች ይዘረዝራል። ይበልጥ የሚገርመው፣ በፎርትራን የተጻፈውን የፓልአስም ምንጭ ኮድ ኩባንያው ለደንበኞቹ በነፃ ይሰጥ ነበር። የዚህ ኢንዱስትሪ ሶፍትዌር ሲጀመር ክፍት ነበር ማለት ነው። ላቲስ የተባለው ኩባንያ በ1985 በኤሌክትሪክ የሚሰረዙትን ጋል ቺፖች ሲያወጣም የቺፕ ብክነቱ ቀረ።

በዚያው ዓመት ዛይሊንክስ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ኤፍፒጂኤ፣ ኤክስሲ2064ን፣ አወጣ። 64 የሎጂክ ክፍሎች ነበሩት፤ ዛሬ ሲታይ ምንም ነው። የሐሳቡ ባለቤት ሮስ ፍሪማን ትራንዚስተር ወደፊት እጅግ እንደሚረክስና ንድፉን እንደፈለጉ ለመለወጥ ሲባል ጥቂቱን ማባከን እንደማይጎዳ አስቀድሞ አይቶ ነበር። በ1989 ሲያርፍ ግምቱ እውነት መሆን ጀምሮ ነበር። ይሁንና ቺፑን የሚያዋቅረው ፋይል፣ ቢትስትሪም የሚባለው፣ ቅርጹ የኩባንያው ምስጢር ሆነ። ስለዚህ ሶፍትዌሩን የሚሠራው በአብዛኛው ቺፑን የሠራው ኩባንያ ነበር፤ ለሶፍትዌሩም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስከፍል ነበር።

የርካሾቹ ዘመን የሚቆጠረው ዛይሊንክስ በ1998 ስፓርታንን፣ ተፎካካሪው አልቴራ ደግሞ በ2002 ሳይክሎንን ካወጡ ወዲህ ነው። ሁለቱም ኩባንያዎች አነስተኛ ቺፖቻቸውን የሚደግፍ ነፃ የሶፍትዌር እትም ማደል ጀመሩ። ነፃ ሲባል ግን ሁሌም መክፈያ መንገድ ነበረው፤ በአልቴራ የኳርተስ ነፃ እትም የቺፑን ውስጥ ለማየት የሚያገለግለውን ሲግናልታፕ ለመጠቀም፣ የአጠቃቀም መረጃ ለኩባንያው የሚልከውን አገልግሎት መክፈት ግድ ይል ነበር። በዶላር ያልከፈለ በመረጃ ከፈለ።

ትልቁ ችግር የታየው ግን ቆይቶ ነው። ዛይሊንክስ በ2009 ስፓርታን-6ን አወጣ፤ ጥሩ ቺፕ ነበር፣ በርካታ ርካሽ የመማሪያ ቦርዶችም ተሠሩበት። በ2012 ኩባንያው ቪቫዶ የተባለ አዲስ ሶፍትዌር ይዞ ሲመጣ የደገፈው 7ኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን ብቻ ነበር። አሮጌው ሶፍትዌሩ፣ አይኤስኢ፣ በ2013 በ14.7 እትሙ ቆመ። ቺፑ እየተሸጠ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ባለበት ቀረ። ለዊንዶውስ 10 የተሰጠው መፍትሔ አይኤስኢን በሊኑክስ ምናባዊ ማሽን ውስጥ አሽጎ ማቅረብ ነበር! በአልቴራም በኩል ያለው ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። 4,608 የሎጂክ ክፍል ያለው የሳይክሎን 2 ቦርድ በቻይና የመስመር ላይ ሱቆች በጥቂት ዶላር ሲሸጥ ኖሯል፤ ግን ከኳርተስ 13.0 በኋላ የመጣ እትም አያውቀውም። ከእሱ ጥቂት ዶላር የሚበልጠው የሳይክሎን 4 ቦርድ በአዲሶቹም እትሞች ይሠራል። ዋጋ ብቻ አይቶ የመጀመሪያውን የገዛ ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ሶፍትዌር ሲፈልግ ነው።

መጠኑም ራሱ ዋጋ ነው። ቪቫዶን ለማውረድና ለመጫን በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ያስፈልጋል። በሲሊከን ቫሊ ላለ መሐንዲስ ይህ የምሳ ሰዓት ነገር ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም የጅማ ወይም የባሕር ዳር ተማሪ ግን ሶፍትዌሩ ከቦርዱ በላይ ሊያስወጣው ይችላል።

ከዚያ 2015 መጣ። ላቲስ በ2011 መጨረሻ ሲሊኮንብሉ የሚባለውን አነስተኛ ኩባንያ በ62 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ አይስ40 የሚባሉትን ጥቃቅን ቺፖች ወርሶ ነበር። ክሌር ዎልፍና ማቲያስ ላሰር የእነዚህን ቺፖች ቢትስትሪም ፈቱት። መንገዳቸው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ጥቃቅን ንድፎችን በላቲስ ሶፍትዌር እያስኬዱ፣ አንድ ነገር ሲቀየር የትኛው ቢት እንደሚቀየር መመዝገብ። ውጤቱ ፕሮጀክት አይስስቶርም ተባለ። ዮሲስ የተባለው የዎልፍ ፕሮግራም በቬሪሎግ ቋንቋ የተጻፈውን ንድፍ ወደ ሎጂክ ይተረጉማል፤ ሌላ ፕሮግራም በቺፑ ላይ ይደለድለዋል፤ ቢትስትሪሙም ይወጣል። ከኩባንያው አንድም ፋይል ሳይወርድ፣ ፈቃድ ሳይጠየቅ፣ በራስፕበሪ ፓይ ላይ እንኳ። 1,280 ሉት ባለው ቺፕ ላይ ትንሽ ንድፍ በሰከንዶች ያልቃል፤ በትልልቆቹ ሶፍትዌሮች አንዲት ኤልኢዲ ለማብለጭለጭ እንኳ ደቂቃዎች መጠበቅ የተለመደ ነው። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም፤ ስህተቱን ቶሎ ያያል፣ ቶሎም ያርማል።

በ2018 ኔክስትፒኤንአር የተባለው አዲስ ደልዳይ መጣ፤ ፕሮጀክት ትሬሊስም የላቲስን ኢሲፒ5 ቺፖች ፈታ። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር ተገለጠ። 12 ሺህ ሉት ተብሎ የሚሸጠው ኢሲፒ5 ውስጡ ያለው ሲሊከን የ24 ሺሁ ነው፤ ግማሹን የሚሸሽገው የኩባንያው ሶፍትዌር ነው። በክፍቱ ሶፍትዌር የሠራ ሰው ሙሉውን ያገኛል። ለቀረው ግማሽ ኩባንያው የጥራት ዋስትና ስለማይሰጥ ለገበያ በሚቀርብ ዕቃ ላይ አልመክረውም። ለመማሪያ ግን ማን ይከለክላል?

በርካሽ ቦርዶች ገበያ አሁን ቻይናም አለች። በ2014 የተቋቋመው የጎዊን ኩባንያ ቺፖቹን ይሠራል፤ ሲፒድ ደግሞ ታንግ ናኖ እያለ በቦርድ ላይ ይሸጣቸዋል። ታንግ ናኖ 9ኬ 8,640 ሉት፣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ፣ በቺፑ ውስጥ የታቀፈ ተጨማሪ ማህደረ ትውስታና የራሱ ፕሮግራመር አለው። ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ገደማ ነበር። ድሮ የዛይሊንክስ የፕሮግራም ኬብል ብቻ የዚህን ብዙ እጥፍ ያስወጣ ነበር። የጎዊን ሶፍትዌር ከቪቫዶ እጅግ ያነሰ ነው፣ የትምህርት እትሙም የፈቃድ ፋይል አይጠይቅም። ሰነዶቹ ግን አልፎ አልፎ ያደናግራሉ፤ እንግሊዝኛቸውን ሁለት ጊዜ ማንበብ የሚጠይቁ አሉ። ፕሮጀክት አፒኩላ እነዚህንም ቺፖች ለክፍቱ ሶፍትዌር አብቅቷል።

ክፍቱ መንገድ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። በሌላው የንድፍ ቋንቋ፣ በቪኤችዲኤል፣ መሥራት ተጨማሪ ፕሮግራም ይጠይቃል፣ የጊዜ ገደብ አወሳሰኑ ከኩባንያዎቹ ጋር አይስተካከልም፣ ፈጣን ማህደረ ትውስታን የሚያገናኙት ዝግጁ ንድፎችም በብዛት በኩባንያዎቹ ሶፍትዌር ውስጥ ናቸው። ለዲዲአር3 ማህደረ ትውስታ ወይም ለከባድ የምልክት ሥራ ዛሬም ስፓርታን-7ንና ቪቫዶን እመርጣለሁ።

ባለቤትነቱም ይዋልላል። ኢንቴል አልቴራን በ2015 በ16.7 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2025 51 በመቶውን ሲልቨር ሌክ ለተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ለመሸጥ ሲስማማ የኩባንያው ዋጋ የተገመተው 8.75 ቢሊዮን ነበር። ዛይሊንክስም ከ2022 ጀምሮ የኤኤምዲ ነው። ባለቤት ሲቀያየር የሶፍትዌሩም ዕጣ ሊቀየር ስለሚችል፣ ቦርድ ከማዘዝ በፊት የሉቱን ቁጥር ወደ ጎን አድርጎ ቺፑ ላይ የተጻፈውን ሙሉ መለያ ማንበብ ይበጃል፤ ቀጥሎ ያንን መለያ የሚደግፈው የመጨረሻው እትም የቱ እንደሆነ፣ በራስ ኮምፒውተር ላይ ይጫን እንደሆነና ፈቃዱ በየዓመቱ መታደስ ይፈልግ እንደሆነ ማጣራት። አይስ40፣ ኢሲፒ5 ወይም የጎዊን ከሆነ ደግሞ ኔክስትፒኤንአር ያንኑ ቺፕ ያውቀው እንደሆነ ማየት፤ ካወቀው የመጫኛ ፋይሉን በፍላሽ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው።