ተጨማሪ መረጃ፦ የቅኝት አሠራር በልዩ ልዩ የሙዚቃ ባህሎች

የአንድ ድምፅ ቅጥነት ወይም ውፍረት የሚወሰነው ድምፁን የሚያወጣው አካል በሰከንድ በሚርገበገብበት መጠን ሲሆን፣ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበውና እጥፉ የሆነው ባለ 880ው ለጆሮ የአንድ ድምፅ ወፍራምና ቀጭን መልክ ሆነው ይሰማሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ኦክታቭ ይባላል፤ የሙዚቃ ባህሎች በቅኝት የሚለያዩትም ይህን ርቀት በሚከፋፍሉበት መንገድና ከክፍልፋዮቹ በሚያደርጉት ምርጫ ነው። የዛሬው የምዕራባውያን ሥርዓት ኦክታቭን በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ከፍሎ ከእነዚህ ሰባቱን በመምረጥ ሜጀርና ማይነር የተባሉትን ስኬሎች ሲመሠርት፣ መቃም የተባለው የዓረቦች የቅኝት ሥርዓት ከግማሽ ድምፅ የሰፉ፣ ከሙሉ ድምፅ ግን የጠበቡ ርቀቶችንም ይጠቀማል። የህንድ ራጋ በበኩሉ የድምፆች ስብስብ ብቻ ሳይሆን የዜማውን አወጣጥና አወራረድ እንዲሁም ጎልተው መሰማት ያለባቸውን ድምፆች ጭምር የሚደነግግ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆች ያሏቸው ሲሆን፣ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ለምሳሌ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆኑ የባቲ ሜጀር ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ባህል ሙዚቃ በሌላው ሚዛን ከመለካት ይልቅ በራሱ ሥርዓት መርምሮ መረዳት ይገባል።