«ና» ነው ወይስ «ቀስ በል»?

እስቲ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ሳትናገሩ በእጅ ብቻ ጥሩት። መዳፋችሁን ወደ መሬት አዙራችሁ ጣቶቻችሁን አጠፍ ዘርጋ አደረጋችኋቸው አይደል? እኛ አገር «ና» እንዲህ ነው። አንዳንድ የውጭ አገር ሰው ሲያየው «ሂድልኝ» የተባለ እየመሰለው ወደኋላ ይመለሳል። አሁን ደግሞ እየበረረ የሚመጣን መኪና «ቀስ በል» በሉት። መዳፋችሁ አሁንም ወደ መሬት ነው፤ ክንዳችሁ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ከአጠገብ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሃምሳ ሜትር ርቆ፣ በክረምት ዝናብ፣ ጭቃ በነካው መስታወት ሲታይስ?

ነቀምቴ የአራት መንገድ ከተማ ናት። የአዲስ አበባው መንገድ በአምቦና በባኮ አድርጎ ይገባባታል፤ ከእሷ ደግሞ ወደ ጊምቢና አሶሳ፣ ወደ በደሌ፣ ወደ ቡሬ ይወጣል። ቡና የጫነ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ አህያ የሚነዳ ገበሬ ሁሉም እዚያች አደባባይ ላይ ይገናኛል። ሹፌሩ ከየትም ይመጣል፤ አንዱ ኦሮምኛ፣ ሌላው አማርኛ ይናገራል። ሁሉንም የሚያግባባው የትራፊክ ፖሊሱ እጅ ነው። ስለዚህ እጁ ግልጽ ካልሆነ ሌላ አስተርጓሚ የለም።

ባለፈው ክረምት ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስሄድ ጋቢና ነበርኩ። መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ (ስሟ ይቅር) ትራፊኩ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ እጁን አወዛወዘ። ሹፌራችን ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ፍጥነት ቀንሰው አለፉ። ፊሽካ ተነፋ።

«ኦቦ፣ ቁም ስልዎት ለምን ያልፋሉ?»

«አለቃ፣ እኔ እኮ ‹ና፣ እለፍ› ያሉኝ መስሎኝ ነው።»

«ቀስ ብለህ ጥግ ያዝ ነው ያልኩት!»

«ትእዛዝ አላከበረም» የሚል ክስ ተጻፈ፤ መንጃ ፈቃዱም ተያዘ። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ «ና ነው ያለው»፣ ግማሹ «ቁም ነው» ይላል። እኔም ከሹፌሩ ጎን ሆኜ አይቻለሁ፤ እውነት ለመናገር ሁለቱንም ይመስል ነበር። ሰውየው ቢሮ ሁለት ቀን ተመላልሰው በሦስተኛው ቀን ከፈሉ። ቅጣቱ ከብዷቸው አልነበረም የተከራከሩት። የእኛ አገር የትራፊክ ቅጣት በብር ብቻ አያልቅም፤ ጥፋት በሪከርድ ይያዛል፣ ሪከርዱ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። በመንጃ ፈቃድ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ግን መኪና የቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ የሌለበት ቀን ነው። «ከፍለህ ተገላገል» የሚለው ምክር ከዚህ ነው የሚመጣው፤ እኔ ግን አልወደውም።

በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ስለ ፖሊስ እጅ በዝርዝር ይናገራል። ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተነሳ ለሁሉም «ቁም» ነው። ልብ በሉ፣ በሰላም ለመቆም የማይችልበት ርቀት ላይ የደረሰ ሹፌር አይገደድም፤ መስቀለኛው ውስጥ የገባም እንዲሁ። ክንድ ወደ ጎን ከተዘረጋ ከፖሊሱ ፊትና ኋላ የሚመጣው ይቆማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ፖሊሱ እጁን ካወረደም በኋላ ትእዛዙ አለ። «እጁን አውርዶ ነበር» የሚል መከራከሪያ በዚህ ስምምነት ብዙ አያስኬድም። የፖሊስ ትእዛዝ ከመብራትም ከምልክትም ይቀድማል። መዳፍን ወደ መሬት አድርጎ ማወዛወዝ ግን ከእነዚህ ከሁለቱም አይደለም።

ለመከራከር የሚያስብ ሰው ፖሊሱ የት ቆሞ፣ ፊቱን ወዴት አዙሮ፣ የትኛውን እጅ እንዴት እንዳነሳ ወዲያው ስልኩ ላይ ይጻፍ፤ ሰዓቱንም ጭምር። ነገ ይረሳል። ፖሊሱን ቪዲዮ መቅረጽ ጠብ ያመጣል፤ የክስ ወረቀቱንና የመንገዱን ፎቶ ማንሳት ይበቃል። የሁለት ተሳፋሪ ስልክ ያዙ። ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በትህትና ጠይቁ። መንገድ ዳር ጮኾ ያሸነፈ ሹፌር አላየሁም፤ ክርክሩ ቢሮ ነው፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባን ጉዳይ ፍርድ ቤት ማቅረብ የማንኛውም ሰው መብት ነው ይላል።

ከሌላ ክልል ለምትመጡ ደግሞ፦ የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ወረቀቱ በቁቤ ቢጻፍ አይግረማችሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይጠፋም፤ እሱን አስነብቡት።